አንድ ምሽት በዮኮሃማ

ጃፓንን አይቶ የተመለሰ መንገደኛ ብዙውን ጊዜ የሚያወጋን ስለ ፈጣኑ ባቡርና ስለ ረጃጅሙ ሕንፃ ነው። እኔ ግን ለአንባብያን ላወጋ ያሰብሁት ስለ አንዲት ጠባብ መጠጥ ቤትና በዚያች ቤት ስለ ደረሰብኝ ኀፍረት ነው።

ከቶክዮ በስተ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በዮኮሃማ ወደብ የእኅቴ ልጅ ለትምህርት ተቀምጧል። ልጠይቀው በሄድሁ ጊዜ «ጋሼ፥ ዛሬ ከትልቁ ሆቴል ይልቅ ሠራተኛው ሕዝብ ማምሻውን ወደሚዝናናበት ቤት ልውሰድዎት» ብሎ ኖጌ ወደሚባለው ሰፈር መራኝ። ኖጌ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበረው የችግር ዘመን በገበያነቱ የታወቀ ሰፈር ነው። በጠባቡ መንገድ ግራና ቀኝ ቀይ ፋኖስ ያንጠለጠሉ ቤቶች ተደርድረዋል፤ የጥብሱም ሽታ መንገደኛውን ከሩቅ ይጠራል።

እንዲህ ያለውን ቤት ጃፓኖች «ኢዛካያ» ይሉታል፤ ተቀምጠው የሚጠጡበት የሳኬ መሸጫ ማለት ነው። ሳኬ ከሩዝ የሚጠመቅ መጠጥ ነው። ቶክዮ ኤዶ ትባል በነበረችበት ዘመን፥ ሳኬ እየሰፈሩ የሚሸጡ ነጋዴዎች ደንበኞቻቸው እዚያው አረፍ ብለው እንዲጠጡ ፈቀዱ፤ ቈይቶም ምግብ ተጨመረበት።

ገና እንደ ተቀመጥን አሳላፊዋ በሙቅ ውሃ የራሰ ፎጣ ለእጃችን አቀረበችልን። የአገራችንን የእጅ ማስታጠብ ሥርዓት ስላስታወሰኝ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ያላዘዝነው አትክልት በትንንሽ ሳህን በየፊታችን ተቀመጠ። ከዚያም ከነቅርፊቱ የተቀቀለ ለጋ አኩሪ አተርና በቀርከሃ ስንጥር ተሰክቶ በከሰል የተጠበሰ ዶሮ መጣ፤ አንዱ በጨው ብቻ፥ ሌላው ጣፈጥ ባለ የአኩሪ አተር መረቅ የተቀባ ነበር። ብርጭቆዬ ሲጎድል ልቀዳ እጄን ብዘረጋ፥ የእኅቴ ልጅ ቀደመኝ። በዚያ አገር ሰው ለባልንጀራው ይቀዳል እንጂ ለራሱ መቅዳት ወግ አይደለም።

ሒሳቡ ሲመጣ ግን ያ ያላዘዝነው ሳህን ለያንዳንዳችን 300 የን ተጽፎበት አየሁ። «እንግዳ መሆናችንን አይተው አታለሉን!» ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ልጁ አንገቱን ደፋ። «ጋሼ፥ ይህ ኦቶሺ ይባላል፤ የመቀመጫ ዋጋ ነው። ጃፓኑም እንደኛው ይከፍላል» አለኝ በለሆሳስ። ሳላምነው ከፈልሁ። ደግነቴን ለማሳየት ግን ለአሳላፊዋ 500 የን ጉርሻ በገበታው ላይ ትቼ ወጣሁ።

ጥቂት እንደ ተራመድን ከኋላችን የሩጫ ኮቴ ሰማን። አሳላፊዋ ነበረች። እያለከለከች፥ ገንዘቡን በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ አለችና «ረስተውት ነው» አለች። በጃፓን ጉርሻ መስጠት ልማድ አይደለም። ስለ 300 የን አታላይ ያልሁት ቤት 500 የን ሊመልስልኝ በጨለማ ሮጠ!

ቃል ሳንለዋወጥ ባሻሚቺ ከተባለው ጎዳና ደረስን። ትርጓሜው የሠረገላ መንገድ ነው፤ ወደቡ በ1859 ለውጭ ንግድ ከተከፈተ በኋላ የውጭ አገር ሰዎች በሠረገላ ይመላለሱበት ነበር። ማቺዳ ፉሳዞ የተባለ ሰው በ1869 በጃፓን የመጀመሪያውን አይስክሬም የሸጠው በዚሁ ጎዳና ነው። ሕዝቡም ስሙን በራሱ አንደበት «አይሱኩሪን» አለው። ለመታሰቢያውም እናት ልጇን የታቀፈችበት ሐውልት ቆሟል።

በተመለሰልኝ 500 የን ላይ ጥቂት ጨምሬ ለሁለታችን አይስክሬም ገዛሁ።

«ልጄ፥ አሳፈርሁህ» አልሁት።

«እኔም በመጣሁ ሰሞን በዚሁ በኦቶሺ ተጣልቻለሁ፥ ጋሼ» ብሎ ሳቀ።

በሰው አገር የማያውቁት ነገር ሲገጥም ከቍጣ በፊት መጠየቅ እንደሚገባ፥ በሽምግልናዬ ከአንድ ተማሪና ከአንዲት አሳላፊ ተማርሁ።