የአያቴ አራት ቋንቋዎች

ከመንዝ ጓሳ ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው መሬቱ ከእግሩ ሥር ድንገት ያልቅበታል። በስተኋላው ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ የሚውሉበት፣ ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ የሆነ ውርጫም ደጋ አለ። በስተፊቱ ኤፍራታና ግድም፣ ከዚያም ወዲያ እስከ አፋር የሚዘረጋው ቆላ ይታያል። ደገኛው ገብሱንና የበግ ጠጉሩን፣ ቆለኛው ጥጡንና በርበሬውን ይዞ ገበያ ላይ ሲገናኝ ኖሯል። በዚህ የገደል መስመር ወገብ ላይ፣ ከደጋውም ከቆላውም ተለይቶ በየኮረብታው የሰፈረ አንድ ሙስሊም ሕዝብ አለ። ወደ ሰሜን በሾንኬና በጦለሃ፣ ወደ ደቡብ በአልዩ አምባና ከአንኮበር ሥር ባሉ መንደሮች ይገኛል፤ አርጎባ ይባላል።

የአባቴ እናት፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ የሾንኬ ወገን ነበሩ። ተድረው ወደ ኤፍራታ ቆላ ወረዱና ዕድሜያቸውን በዚያ ፈጸሙ። አራት ቋንቋ ያውቁ ነበር፤ ለሶላት ዐረብኛ፣ ለገበያ አማርኛ፣ ለጎረቤት ኦሮምኛ። አርጎብኛ ግን ለታናሽ እህታቸው ብቻ ነበር። ሁለቱ ሲገናኙ የቡናው ረከቦት ቀርቦ ጨዋታው ሲደራ፣ እኛ የልጅ ልጆች እንግዳ ቤት እንደገባ ሰው አፍ አፋቸውን እናያለን። አንድ ቀን «ለአባታችን ለምን አላስተማሩትም?» ብለን ብንጠይቃቸው «ማን ይሰማው ብዬ?» አሉን። አባቴ ደግሞ በበኩሉ፣ አስኳላ በገባበት ዓመት በክፍል ውስጥ አንድ የአርጎብኛ ቃል አምልጦት ልጆቹም አስተማሪውም እንደሳቁበት፣ ከዚያ ቀን በኋላ እናቱ ሲጠሩት በአማርኛ እንደሚመልስ ነግሮናል። የመታውም የገሠጸውም የለም። ሳቁ ብቻ በቃው።

ውድ አንባቢያን፣ ብዙ ሰው አርጎባን «ዐረብ ገባ» ከሚለው አባባል ጋር አያይዞ፣ ሕዝቡ ባሕር ተሻግሮ የመጣ፣ ቋንቋውም ከዐረብኛ የተወለደ አድርጎ ያስባል። ዘርን ከዐረብ መቁጠር በብዙ ሙስሊም ኅብረተሰብ ዘንድ የተለመደ ነውና አልፈርድም። ቋንቋው ግን እዚሁ የበቀለ የአማርኛና የሐረሪ የቅርብ ዘመድ ነው። እንዲያውም አማርኛ የጣለውን የ«ሀ» ድምፅ በብዙ ቃላት ይዞ ቆይቷል። ቤት የሚለውን «ቤድ» ይለዋል። ስለዚህ አርጎብኛን የተበላሸ አማርኛ ነው የሚሉ ወገኖች ታናሹን በታላቁ እየለኩ ነው፤ ማን ታላቅ፣ ማን ታናሽ እንደሆነም ገና አከራካሪ ነው።

የሕዝቡ ታሪክ ከኢፋት ጋር የተሳሰረ ነው። በ1285 እ.ኤ.አ. የወላስማ ሥርወ መንግሥት የሸዋን ሱልጣኔት አሸንፎ በዚህ ተዳፋት ላይ ኢፋትን አጸና። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በሸዋ ሮቢት አካባቢ በኖራና በሌሎችም ቦታዎች የድንጋይ መስጊዶችንና የከተማ ፍርስራሾችን መርምረዋል፤ የወላስማ ሱልጣኖች ስለተቀበሩበት ሥፍራም በ2017 እ.ኤ.አ. ሰፊ ጥናታዊ ጽሑፍ አሳትመዋል። ሱልጣኔቱ ካለፈ በኋላ የቀረው ነጋዴው፣ ሸማኔውና ዓሊሙ ነው። በ1841 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲወጣ ያለፈው በአልዩ አምባ ነበር። ያን ጊዜ አልዩ አምባ ከሐረርና ከዘይላ የሚመጣው የሲራራ ነጋዴ የሚራገፍባት ታላቅ የሸዋ ገበያ ነበረች።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ቋንቋው ቀድሞ የጠፋው በዚችው ሀብታም ገበያ ዙሪያ ነው። ገበያ የብዙኃኑን ቋንቋ ይፈልጋል፤ ሻጭ በገዢው አፍ ይናገራል። በሐረር በኩል ያሉት አርጎባዎችም ወደ ኦሮምኛና ወደ ሐረሪ ዞሩ። አርጎብኛ በአፍ መፍቻነት የጸናው መንገድ ባልደረሰባቸው፣ በሾንኬና በጦለሃ ነው። ሾንኬ በአምባ አናት ላይ እርስ በርሳቸው የተደጋገፉ የድንጋይ ቤቶች መንደር ናት። ነዋሪዎቿ ዕድሜዋን ከ900 ዓመት በላይ ያደርሱታል። ውኃ ወንዝ ወርዶ፣ እህልም ዳገት ወጥቶ ነው የሚገኘው። ባሕር ባይከባትም ደሴት ናት።

ደሴት ናት ስል ግን ከዓለም የተቆረጠች ማለቴ አይደለም፤ ትምህርት ቤት ነበራትና። አባቶቻችን «ትምህርት ቤት» ባይሉትም፣ በሎህ ላይ ፊደል ከመቁጠር ተነሥቶ ፊቅህና ነሕው፣ ከዚያም ተፍሲር ድረስ የሚዘልቅ ደርስ ነበር። በ1937 እ.ኤ.አ. ግድም ወደ አኼራ የሄዱት ታላቁ ሼህ ጀውሀር ቢን ሐይደር መቀመጫቸው ሾንኬ ነበረች። ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ የወሎን እስልምና ታሪክ ሲያጠኑ የእኒህን ሼህ ሕይወት ለብቻው ጽፈውታል። ሌላው የአርጎባ ምድር ልጅ ሼህ ጦልሀ ቢን ጃዕፈር ናቸው፤ ከ1878 እ.ኤ.አ. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ ሙስሊሙን ሃይማኖትህን ለውጥ ባሉት ጊዜ እምቢ ብለው የተነሡት። እኒህ ሼህ በዐረብኛ ፊደል አማርኛ ይጽፉ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዐረብኛ የማይሰማው ገበሬና እረኛ ዲኑን በሚገባው አፍ እንዲሰማ ነው።

እኔ ከዚህ ላይ ነው የምቆመው። ዓሊሞቻችን ሰው በሚገባው ቋንቋ ካልተማረ ልቡ እንደማይነካ አውቀዋል፤ ስለዚህም ወደ አማርኛ ሄዱ፤ አማርኛ ሩቅ ይደርሳልና ትክክል ነበሩ። አርጎብኛ ግን ከኪታቡ ወጥቶ በምድጃው ዙሪያ ቀረ። በኋላ አስኳላ ሲመጣ እርሱም በአማርኛ መጣ። በሁለቱ ትምህርት ቤቶች መካከል የአያቴ ቋንቋ ወንበር አላገኘም። ማንም አልከለከለውም፣ ማንም አልጋበዘውም።

ከእኛ ርቀው በስኮትላንድ ምዕራብ ባሉ ደሴቶች ጌይሊክ የሚባል ቋንቋ የሚናገሩ ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች አሉ። በ1872 እ.ኤ.አ. የወጣው የትምህርት ሕግ ልጆቻቸውን ሁሉ ትምህርት ቤት እንዲገቡ ሲያስገድድ ስለ ቋንቋቸው አንድ ቃል አላነሣም። ሴንት ኪልዳ በምትባለው በሩቋ ደሴት የቀሩት 36 ሰዎች ኑሮው ቢከብዳቸው ራሳቸው ለመንግሥት አመልክተው በ1930 እ.ኤ.አ. በመርከብ ተነሡ። በጌይሊክ የሚያስተምሩ የአንደኛ ደረጃ ክፍሎች የተከፈቱት በ1985 እ.ኤ.አ. ነው፤ የተከፈቱትም በደሴቶቹ ሳይሆን በግላስጎና በኢንቨርነስ ከተሞች ነበር። ከሾንኬም ሰው ወደ መንገዱ፣ ወደ ጤና ጣቢያው እየወረደ ነው። የወረደውን የሚወቅስ፣ አንድ እንስራ ውኃ ተሸክሞ ያን ዳገት ይውጣና ይሞክረው።

የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ አርጎባ ነኝ ያለውን ከ140 ሺህ በላይ፣ አርጎብኛ አፌን የፈታሁበት ነው ያለውን ግን ወደ 44 ሺህ አድርጎ መዝግቧል፤ ሲሶ አይሞላም። የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃን በብሔረሰብ ቋንቋቸው እንዲማሩ ደንግጓል፤ አርጎባም የራሱን ልዩ ወረዳ አግኝቷል። የውጭው ሊቅ ዎልፍ ሌስላውም በ1997 እ.ኤ.አ. የአርጎብኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳትሟል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ልጅ ከቤት ያልሰማውን ቋንቋ መምህር ብቻውን አፉ ውስጥ አይከተውም።

የመንዝ ባላገር የጓሳን ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ ሲል ወደ 400 ዓመት ጠብቆታል። ሜዳውን ለዓመታት ይዘጋል፣ ጊዜው ሲደርስ በአንድነት ከፍቶ ያጭዳል፤ ያለ ጊዜው የገባ ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያን ደንብ ቢያፈርሰውም ባላገሩ ቆይቶ በሌላ መልክ መልሶ አቆመው። የሣር ደንብ ያለው ሕዝብ ጎረቤት ሆነን፣ ለቋንቋችን ደንብ ያወጣ ሽማግሌ መኖሩን አልሰማሁም።

አንዲት የሰፈሬ እናት «ልጄ ቁርኣኑን ይቅራ እንጂ አርጎብኛ ጀነት አያስገባው» ብላኛለች። እውነቷን ነው፤ አማርኛም አያስገባውም። የአንደበቶቻችን መለያየት ከአላህ ተአምራት አንዱ መሆኑን ሱረቱ አር-ሩም ላይ የቀራች ሴት ናት፤ ብዙ አልተከራከርኳትም።

የአያቴ ታናሽ እህት በሕይወት አሉ፤ አል-ሐምዱ ሊላህ። ዘጠነኛ ክፍል የደረሰችው ልጄ ሁለት ዓመት ሆናት፣ እየደወለች ቃል ትጠይቃቸዋለች፣ በደብተርም ትጽፋለች። መጀመሪያ ሰሞን «ምን ያደርግልሻል፣ እንግሊዝኛሽን አጥኚ» ይሏት ነበር። «ሀ»ውን ዋጥ አድርጋ ስትናገር ግን አላስችል አላቸውና ደጋግመው ያስብሏት ጀመር። ባለፈው ረመዷን ደብተሩ 300 ቃል አለፈ። ከእነዚህ አንዳንዶቹን እርሳቸውም ረስተው፣ ሌሊት ትዝ ብሏቸው ለጠዋት ያቆዩአቸው ናቸው። አሁን ዐርብ ከዐስር ሶላት በኋላ ካልተደወለላቸው የጎረቤት ልጅ ጠርተው ራሳቸው ያስደውላሉ።