ገንፎ በክር የሚቆረጥበት አገር

ከሥራ ውለው ሲመለሱ «ዛሬ ደግሞ ምን ልሥራ?» እያሉ ከጓዳ የሚቆሙ እናት ከሆኑ፣ የሌላውን አገር ባልትና መመልከቱ አይከፋዎትም። በሩማንያና በዩክሬይን መካከል ሞልዶቫ የምትባል ትንሽ አገር ትገኛለች። አፈርዋ ጥቁርና ለም ሲሆን፣ በቆሎ፣ ስንዴና ወይን በብዛት ይበቅልባታል።

ከገጠር ቤት በእንግድነት ቢገቡ ማማሊጋ ይቀርብልዎታል። ማማሊጋ የበቆሎ ገንፎ ነው። ጨው ባለበት የፈላ ውኃ ላይ ዱቄቱ እየተነሰነሰ በእንጨት ማማሰያ ይገነፋል። ከእኛ ገንፎ የሚለየው ጠንክሮ በእንጨት ገበታ ላይ ከተገለበጠ በኋላ በቢላዋ ሳይሆን በክር መቆረጡ ነው። ማባያው የበግ ወተት አይብ፣ የኮመጠጠ ስልባቦትና ከጨው ጋር የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ነው።

ይህ ማባያ ለጣዕም ብቻ እንዳይመስልዎት። በ19ኛው ምዕተ ዓመት በድህነት ምክንያት በበቆሎ ብቻ ይኖሩ የነበሩት የሩማንያና የቤሳራቢያ ገበሬዎች ፔላግራ በተባለ በሽታ ይጠቁ ነበር። በሽታው ቆዳን ያቆስላል፤ ተቅማጥ ያስከትላል፤ አእምሮንም ያውካል። ምክንያቱም በበቆሎ ውስጥ ያለውን ናያሲን የተባለ ቪታሚን ሰውነት በቀላሉ ሊጠቀምበት አይችልም። አይብ፣ ወተት፣ እንቁላልና ሥጋ ጉድለቱን ይሞላሉ። ስለዚህ እርስዎም ለልጅዎ የበቆሎ ገንፎ ሲያቀርቡ ከጎኑ ምን እንዳለ ይመልከቱ።

ሁለተኛው የታወቀ ምግብ ዛማ የተባለው የዶሮ ሾርባ ነው። በቤት ተዳምጦ በቀጭኑ የተቆረጠ ሊጥ ይገባበታል። የሚያኮመጥጠውም ቦርሽ ነው፤ ይኸውም የስንዴ ፉርሽካ በውኃ ተዘፍዝፎ ለጥቂት ቀናት ሲቦካ የሚገኝ ፈሳሽ ነው። ባለሙያዋ ከቦካው ፉርሽካ ጥቂቱን ለሚቀጥለው ታስቀራለች፤ እኛ ከሊጥ እርሾ እንደምናስቀር ማለት ነው። አብዛኛው ሕዝብ የኦርቶዶክስ ክርስትና ተከታይ በመሆኑ በጾም ወቅት ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ይቀራል። ያን ጊዜ ሳርማሌ የተባለው በጥቅል ጎመን ወይም በወይን ቅጠል የሚጠቀለለው ምግብ በሥጋ ፈንታ በሩዝና በአትክልት ይሞላል።

ክረምቱ ብርዳማ ስለሆነ፣ ዱባው፣ ድንቹ፣ በጨው ውኃ የተዘፈዘፈው ኪያርና ቲማቲም አስቀድሞ ከምድር ቤት ይከማቻል። ሙሉ ጎተራ ምን ማለት እንደሆነ አገሪቱ በመከራ አውቃዋለች። እ.ኤ.አ. በ1946 እና በ1947 ድርቅ ሳለ መንግሥት እህል ከገበሬው በግዴታ በመሰብሰቡ፣ በረሃብ ያለቀው ሕዝብ ከ100,000 በላይ እንደሚሆን ይገመታል።

ዛሬ ያሠጋት ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ነጻነትዋን ካወጀች ወዲህ ብዙ ዜጎችዋ ለእንጀራ ፍለጋ ተሰደዋል። ከእናቶች ብዙዎቹ ኢጣሊያ ሄደው የሰው አረጋዊ ሲጦሩ፣ የራሳቸው ልጆች ከአያት ጋር ቀርተዋል። ባልትናውም እናትን ዘልሎ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ይሻገራል። እህቶቻችንን ወደ ዓረብ አገር የሸኘን እኛም ይህን እናውቀዋለን። እንግዲህ፣ ውድ እናት፣ ሴትም ይሁን ወንድ ልጅዎን በእረፍት ቀን ወደ ማድቤት ይጥሩት። እርሾ ማስቀረትን ከእጅዎ አይቶ ካልሆነ ከየት ይማረዋል?