ከብስክሌት መውረድ ነውር አይደለም

አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ ወደ ብስክሌት መመለስ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ጉልበቱ ነው። "ይችል ይሆን?" ይላል። ጉልበት ቀስ ብለው ከያዙት ይለምዳል። የማይለምደው ይሉኝታ ነው። በየቤቱ በረንዳ ላይ ግድግዳ ተደግፈው፣ ጎማቸው ተንፍሶ፣ ካቴናቸው ዝጎ የቆሙ ብስክሌቶችን ባለቤቶቻቸውን ብትጠይቁ አብዛኛው ስለ ጊዜ ማጣት ያወራል። ጠለቅ ብላችሁ ብትጠይቁ ግን "ሰው ምን ይላል" የሚለው ይወጣል።

ነገሩ አርባ ምንጭ ላይ ይብሳል። ሐዋሳና ባሕር ዳር ሜዳ ላይ የተቀመጡ ከተሞች ናቸው፤ እዚያ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ቢደክመው ቀስ ይላል እንጂ ማንም አያውቅበትም። አርባ ምንጭ ግን በአንድ ስም የምትጠራ ሁለት ከተማ ናት። ሲቀላ ታች ናት፣ ሴቻ ላይ። በመካከላቸው ያለው ጥቂት ኪሎ ሜትር አቀበት ነው። ሲቀላ የሚኖርና ሴቻ ጉዳይ ያለው ሰው በብስክሌት ልሂድ ካለ፣ ድካሙን በአደባባይ፣ በሚያውቁት ሰዎች ፊት ነው የሚደክመው። ባጃጅ በዚህች ከተማ የነገሠው ያለ ምክንያት አይደለም።

ዛሬ ከ40 እስከ 55 ዓመት ካለው ሰው ብዙው ብስክሌት የተማረው በኪራይ ነው። ሳንቲም አጠራቅሞ፣ ወረፋ ይዞ፣ ለአንድ ዙር። እግሩ ከኮርቻው ሆኖ ፔዳሉ አልደረስለት ሲል በብረቱ ሥር አሾልኮ፣ ወገቡን አጣሞ እየነዳ። ወድቆ ጉልበቱ ሲላጥ ያሳቁት ጓደኞቹ ናቸው፣ ግን በማግስቱ ተመልሶ ወረፋ ይይዝ ነበር። ከዚያ ትምህርት፣ ሥራ፣ ትዳር፣ ልጅ መጣ። ብስክሌት የልጅ፣ ወይም መኪና ያጣ ሰው ነገር ሆነ። ወገብ ሰፋ፣ ደረጃ መውጣት ያስተነፍስ ጀመር። አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ውስጥ የግፊት መለኪያው ክንድ ላይ ይጠመጠማል፣ ባለሙያዋ ቁጥሩን ታያለች፣ "እንቅስቃሴ ያደርጋሉ?" ብላ ትጠይቃለች። ያን ጊዜ በረንዳው ላይ ያለው ብስክሌት ትዝ ይላል።

ትዝታው የተሳሳተ አይደለም። ብስክሌት ለዚህ ዕድሜ ከሚመቹ ስፖርቶች አንዱ ነው። የሰውነት ክብደት ኮርቻው ላይ ስለሚያርፍ፣ እንደ ሩጫ በየእርምጃው ጉልበትንና ቁርጭምጭሚትን አይመታም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ ማለት ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ ከ260 ሺህ በላይ ሰዎችን የተከታተለ አንድ ጥናት ወደ ሥራ በብስክሌት የሚሄዱ ሰዎች በጥናቱ ዘመን የመሞት ዕድላቸው በመኪናና በሕዝብ ትራንስፖርት ከሚሄዱት በ41 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቷል። እርግጥ ብስክሌት የሚነዳው ሰው ከመጀመሪያውም ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ አጥኚዎቹ ይህን ለማስተካከል ቢሞክሩም ሙሉ በሙሉ ማጥራት አይቻልም። ቢሆንም ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ችግሩ ተመላሹ ሰው የሚያስታውሰው የ15 ዓመቱን ሰውነት መሆኑ ነው። እንቅስቃሴ የማያደርግ ሰው ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ ከ30 ዓመት በኋላ በየ10 ዓመቱ ወደ 10 በመቶ ገደማ እየቀነሰ ይሄዳል። ጡንቻም አብሮ ይሳሳል። ሁለቱም በልምምድ በከፊል ይመለሳሉ፣ ግን በወራት እንጂ በአንድ ቅዳሜ አይደለም። ስለዚህ ብልህ ሰው ከሜዳ ይጀምራል። ለአርባ ምንጭ ሰው ሜዳው ቅርብ ነው፦ ከሲቀላ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ፣ የሙዝ እርሻዎቹን እያዩ ወደ ጫኖና ላንቴ። ፀሐይ ሳትበረታ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ረፋዱ ላይ ሙቀቱ ራሱ ሌላ አቀበት ነው።

ከመነሳት በፊት ግፊትንና ስኳርን መለካት ያስፈልጋል፤ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ሐኪሙን ያማክር። ኮርቻው ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግር ሊዘረጋ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ከፍ ማለት አለበት፤ ዝቅ ያለ ኮርቻ ጉልበትን ያሳምማል፣ ብዙ ሰውም "ብስክሌት አልተስማማኝም" የሚለው በዚሁ ነው። ማርሹን አቅልሎ ቶሎ ቶሎ ማሽከርከር፣ ከባድ ማርሽ ይዞ ከመታገል ይሻላል። መጠኑም በትንፋሽ ይታወቃል፦ አጠር ያለ ዓረፍተ ነገር መናገር ከተቻለ ደህና ነው፣ ቃል ካልወጣ በዝቷል። ደረት ላይ ሕመም ወይም ማዞር ከመጣ ቆሞ ወደ ሕክምና መሄድ ነው።

ይህ ሁሉ ሜዳው ላይ ይሠራል። አቀበቱ ላይ ሲደርስ ግን ይሉኝታ መሪውን ይቀበላል። "ጋሼ፣ መኪናው ተሸጠ እንዴ?" ይላል አንዱ ከባጃጅ ውስጥ። ልጆች ይስቃሉ። ሰውየው መውረድና መግፋት ሲገባው ከኮርቻው ተነስቶ ይታገላል፣ ልቡ ጆሮው ውስጥ ይመታል፣ ፊቱ ይጠቁራል። ጫፍ ሳይደርስ ይቆማል፣ ብስክሌቱም ወደ በረንዳው ይመለሳል። የ45 ዓመት ሴት ከሆነች ደግሞ ዓይኑ ይከብዳል። እሷን ገና ሜዳው ላይ ሳለች "ምን ነካት?" ይሏታል።

እዚህ ላይ ዞር ብሎ ማየት ይጠቅማል። በዚያው አቅጣጫ ከጫካ የለቀሙትን እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ከተማ የሚገቡ ሴቶች አሉ። ማንም ስፖርት ሠሩ አይላቸውም፣ ሲያርፉም ማንም አይስቅባቸውም። ሸክሙን ያወርዳሉ፣ ይተነፍሳሉ፣ መልሰው ይሸከማሉ። ለኑሮ ሲባል ማረፍ ያላሳፈረ፣ ለጤና ሲባል ለምን ያሳፍራል? ላብን በፈቃዱ ለማውጣት ጊዜና ብስክሌት ያለው ሰው ዕድለኛ እንጂ መሳቂያ አይደለም።

ዝቅ ማለት ክብር እንደማይቀንስ ደግሞ ለጋሞ ምድር የሚያስተምር ሰው አያስፈልግም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ ጥቃት ከደረሰ በኋላ፣ በአርባ ምንጭ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ሲወጡ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቱም ተመለሰ። ያ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነበር፣ ከብስክሌት ጋር አይወዳደርም። ግን በልጆቻቸው ፊት የተንበረከኩት አባቶች በአገሩ ሁሉ የተከበሩት በዚያው ዝቅ በማለታቸው ነው። እንዲህ ዓይነት አባቶች ባሉበት ከተማ አንድ ጎልማሳ ከኮርቻ ወርዶ ብስክሌቱን ቢገፋ ምን ይጎድልበታል?

የብስክሌት ዓለምም ቢሆን ይህን ያውቀዋል። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ልካ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በዚያ ደረጃ ያሉ ባለሙያዎች እንኳ በቤልጂየሙ የፍላንደርስ ውድድር ላይ ኮፐንበርግ የሚባለው የድንጋይ አቀበት ሲያቅታቸው ወርደው ብስክሌታቸውን እየገፉ ሲወጡ በቴሌቪዥን ታይተዋል። ከዓለም ፊት ወርደው ከገፉ፣ ከሲቀላ ሰው ፊት መግፋት ምንም አይደለም።

ሁሉንም ነገር በይሉኝታ ማሳበብ ግን አይገባም። መንገዱ ላይ ሙዝ የጫኑ ከባድ መኪናዎች፣ ድንገት የሚታጠፉ ባጃጆች፣ የሚሻገሩ ከብቶች አሉ። በአዲስ አበባ ኮሪደር ልማት ለብስክሌት የተለየ መስመር ሲሠራ ብዙ ሰው አይቷል፤ በየክልል ከተማው የሚሠራው መንገድም ይህን ከመጀመሪያው ቢያስብ ብስክሌት የደፋሮች ብቻ መሆኑ ይቀራል። እስከዚያው አንጸባራቂ ልብስና ሄልሜት፣ ከሁሉም በላይ ጥሩ ፍሬን የግድ ነው። አቀበቱ የሚፈትነው ልብን ነው፣ ከሴቻ ሲመለሱ ቁልቁለቱ የሚፈትነው ፍሬንን።

ሚዛን ላይ የሚታየው ለውጥ ይዘገያል፤ ማታ ማታ ሳህኑ ካልቀነሰ ጭራሽ ላይመጣም ይችላል። ለዚህ ነው ኪሎ ብቻ የሚቆጥር ሰው ቶሎ ተስፋ የሚቆርጠው። ለሴቻ መንገድ ሰው የተሻለ መለኪያ አለ፦ የወረደበት ቦታ። መጀመሪያ ቀን የትኛው ዛፍ፣ የትኛው ሱቅ ፊት እንደወረደ ያስታውስ፣ ቀሪውን ያለ ኀፍረት ገፍቶ ይውጣ። ከሳምንታት በኋላ የሚወርድበት ቦታ ትንሽ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ያገኘዋል። ያቺ ከፍታ የራሱ ናት። አንድ ቀን ሳይወርድ ሴቻ ከደረሰ ደግሞ አይኩራራ፤ ከ2500 ሜትር በላይ ላይ ጨንቻ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች።