የጭስ እንባ

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር በተባለው ዘመን፥ የተገደሉ ወጣቶች ሬሳ በየመንገዱ ተጥሎ ያድር ነበር፤ ወላጆችም እንዳያለቅሱ ተከለከሉ፥ የጥይቱን ዋጋ የከፈሉም አሉ። ሄሮድስ እንኳ ራሔልን አታልቅሺ ማለቱ አልተነገረም።

በዚያ ወራት በዋሂል ልጅ ነበርሁ። ልጇ በድሬዳዋ ከተማ የተገደለባት ጎረቤታችን በየማታው እርጥብ እንጨት ታነድድ ነበር፤ ኋላ ቅኔ ስማር ጭሱ ሰም፥ እንባው ወርቅ እንደ ነበረ ገባኝ። የንስሐ አባቷም፥ እኔ ጧፍ ይዤ፥ ፍትሐቱን በክርስትና ስሙ ብቻ በለሆሳስ አደረሱለት፤ ይህን ስም ካድሬ አያውቀውምና።

በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ስጎበኝ፥ ከፎቶግራፎቹ መካከል ፈለግሁት። ነገር ግን የዓለም ስሙን በዚያ ቤት ደፍሮ የጠራ አልነበረምና፥ እኔም የማውቀው ያንኑ የክርስትና ስሙን ብቻ ነው።