የግድግዳው ምስክር

ቤታችን የቆመው በዋልካ መሬት ላይ ነው። ዋልካን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ በክረምት ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ባለፈው ዓመት በሚያዝያ ወር ጎረቤታችን ለፎቅ ቤት መሠረት ማስቆፈር ጀመሩ። በግንቦት ወር በአያቴ መኝታ ክፍል ከመስኮቱ ሥር እስከ ወለሉ የሚወርድ ስንጥቅ ታየ። ጣት አያስገባም፤ የሳንቲም ጠርዝ ግን ያስገባል። አባቴ ገና እንዳዩት «ይህ የቁፋሮው ሥራ ነው» አሉና በዚያው ሳምንት ለወረዳው የሚቀርብ ማመልከቻ አስጻፉ። ጎረቤታችንም «ግድግዳው ድሮም የተሰነጠቀ ነው» ማለታቸው ተሰማ። ሁለቱ ሰዎች የአንድ እድር አባሎች፤ ለበዓልም በአንድ ቅርጫ የሚገቡ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ግን በመንገድ ሲተላለፉ ሰላምታ ቀረ።

እኔም በመካከል ሆኜ፤ ከሁለቱ የማንም ወገን ያልሆነ ምስክር ግድግዳው ላይ ባቆምስ ብዬ አሰብሁ። ይህን ሐሳብ ያመጣልኝ በፊዚክስ ክፍል የተማርነው የብርሃን ክር፤ ማለት ኦፕቲካል ፋይበር የሚባለው ነው።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1841 ዳንኤል ኮላዶን የተባሉ የጄኔቫ ሊቅ ከአንድ ዕቃ ጎን በቀዳዳ በሚፈልቅ ውሃ ውስጥ ብርሃን ቢልኩ፤ ብርሃኑ እንደ ልማዱ ቀጥ ብሎ መሄዱን ትቶ ከውሃው ጋራ እየጎበጠ ወረደ። ብርሃን ከውሃ ወደ አየር ሊወጣ ሲል በጣም ተጋድሞ የመጣ እንደ ሆነ መውጫ ያጣና ወደ ውስጥ ይመለሳል። በክሩም ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው፤ ብርሃኑ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመለሰ ይጓዛል። ክሩ በብርቱ ሲታጠፍ ግን ተጋድሞ መምጣቱ ይቀርና ከፊሉ ሾልኮ ይወጣል።

የስልክ መሐንዲሶች ይህን መሹለክ አይወዱትም። ቻርልስ ካኦ በ1966 ንጹሕ መስተዋት ብርሃንን ሩቅ ሊያደርስ እንደሚችል ጽፈው በ2009 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ብክነቱን የመቀነሻውን መንገድ ስላሳዩ ነው። ዛሬ በጥሩ የመስተዋት ክር ውስጥ ብርሃን ግማሹ የሚጠፋው ወደ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ነው። ከፕላስቲክ በተሠራው ክር ግን 20 ሜትር ያህል እንደ ሄደ ግማሹ የለም! ስለዚህ ፕላስቲኩ ለአገር አቋራጭ ስልክ አይሆንም። ነገር ግን ለእኔ ግድግዳ የሚያስፈልገው አንድ ሜትር ነው። ደግሞም መስተዋቱ በመቶ ጥቂት እጅ ቢሳብ ይበጠሳል፤ ፕላስቲኩ ከመቶ አሥር እጅ በላይ ተስቦም ላይበጠስ ይችላል። መስተዋቱን ለመቁረጥና ለማገናኘት ውድ መሣሪያ ያሻል፤ ፕላስቲኩ በምላጭ ይቆረጣል፤ ጫፉም በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። መሐንዲሱ የሚያዝንበትን መሹለክ እኔ የምፈልገው እሱኑ ስለ ነበረ፤ ይህን ድኻ ዘመድ መረጥሁ።

ክሩን ያገኘሁት መርካቶ ምናለሽ ተራ ነው። ቴሌቪዥንን ከድምፅ ማጉያ ጋራ የሚያገናኝ፤ ከጫፉ ቀይ ብርሃን የሚታይበት ጥቁር ገመድ አለ፤ በውስጡ ያለው አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የፕላስቲክ የብርሃን ክር ነው። ሻጩ ምን እንደማደርግበት ጠይቆኝ ብነግረው ሳቀና አንዱን ጨመረልኝ። ገመዱን በስንጥቁ ላይ እንደ ቀለበት አዙሬ ሁለቱን ጎኖች ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ አጣበቅሁ። ስንጥቁ ሲሰፋ ቀለበቱ ይጠባል፤ ብርሃኑም ያንሳል ማለት ነው። በአንዱ ጫፍ ቀይ ኤል ኢ ዲ፤ በሌላው ጫፍ ብርሃን ሲያንሰው የኤሌክትሪክ መንገድን የሚያጠብ ትንሽ ዕቃ አደረግሁ፤ ቁጥሩንም በቴስተር አነባለሁ። አንዳንድ ጓደኞቼ ግንበኞች እንደሚያደርጉት ጀሶ መለጠፍ አይበቃም ወይ ብለውኛል። ጀሶ አንድ ጊዜ ተሰነጠቀ ብሎ ዝም ይላል፤ እኔ የፈለግሁት በየዕለቱ የሚናገር ነበር።

በሰኔ ወር አንድ ሌሊት ቁጥሩ ከ9 ኪሎ ኦም ተነሥቶ 14 ደረሰ። ልቤ ደነገጠ፤ አባቴን ቀሰቀስሁ። አያቴ በዝናብ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ማድ ቤት ወጡና እዚያው ምድጃ አጠገብ ቁጭ ብለው አነጉ። አባቴም «ነገ ማመልከቻው ይገባል» አሉ። ሲነጋ ግድግዳውን ባየው ምንም የለውም፤ የኤል ኢ ዲውን ባትሪ ብለካ ደክሟል። የቀነሰው የመብራቱ ብርሃን እንጂ የሰፋው ስንጥቁ አልነበረም። አያቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሳሉ፤ በሳሉ ቁጥር እኔን ያመኝ ነበር። ለአባቴ ስሕተቱ የእኔ መሆኑን የነገርሁት ማመልከቻውን ይዘው ከቤት ሲወጡ፤ በራፉ ላይ ነው። ተመለሱ፤ ነገር ግን ብዙ ቀን መሣሪያዬን ቀና ብለው አላዩትም።

የፊዚክስ መምህራችን ይህን ሰምተው «ምስክር ሁለት ሲሆን አይሻልምን?» አሉኝ። ስለዚህ ሁለተኛውን ገመድ ከመጀመሪያው አጠገብ በደኅናው ግድግዳ ላይ ብቻ አጣበቅሁት፤ ሁለቱም ብርሃናቸውን ከአንድ ኤል ኢ ዲ ይቀበላሉ። ባትሪው ሲደክም፤ ቀኑም ሲሞቅ ሁለቱ አብረው ይለወጣሉ፤ ስንጥቁ ሲንቀሳቀስ ግን የመጀመሪያው ብቻውን ይለወጣል። ከዚያ በኋላ ሌላ ቁራጭ በሳንቃ ላይ አድርጌ በካሊፐር ጥቂት በጥቂት እየሳብሁ፤ የትኛው ቁጥር ስንት ሚሊ ሜትር እንደ ሆነ በደብተር ጻፍሁ።

ክረምቱን ስጠብቅ እጄ ሥራ ፈታ፤ ከቤት የተገኘ ሌላ ነገር ሞከርሁ። እርድ የነካው ነጠላ በሳሙና ሲታጠብ ቢጫው እንደሚቀላ እናቴ ታውቃለች፤ ኬሚስቶችም ኩርኩሚን የሚባለው የእርድ ቀለም ባዝ ሲያገኘው መልኩን እንደሚለውጥ ያውቃሉ። ባለቤቶቹ በስስ ልባስ ውስጥ ጥቂት ባዕድ ነገር መጨመርን ዶፒንግ ይሉታል (የሯጮቹን አይደለም)። በመስተዋት ክር ውስጥ ኤርቢየም የተባለ ንጥረ ነገር ጥቂት ቢጨመር፤ የደከመን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ሳይለውጡ ማበርታት እንደሚቻል በ1987 በእንግሊዝ አገር በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ታይቷል። እኔ ግን ያለኝ እርድ ነው። ቀለም በሌለው ኩቴክስ ውስጥ በጠበጥሁትና ክሩን ቀባሁ። ኩቴክሱን የሚያቀጥነው ፈሳሽ ለካ ፕላስቲኩንም ይበላል! ክሩ ደፈረሰ፤ ተበላሸ። በሁለተኛው ጊዜ በትንሽ መስተዋት ላይ ቀብቼ በክሩ ጫፍ ፊት አቆምሁት። ወፍራም ስቀባው ሽታው አልገባለትም፤ ስስ ሲሆን ግን ከቤተ ሙከራው የአሞኒያ ጠርሙስ ቢጠጋ ቀላ፤ ሲርቅ ቀስ ብሎ ወደ ቢጫው ተመለሰ። በቀዩ ኤል ኢ ዲ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም፤ ቀይ ልባስ ቀይ ብርሃንን ያሳልፋልና። በአረንጓዴ ስለውጠው ወዲያው ብርሃኑ ቀነሰ። እናቴ እርዴን በምን ጨረስከው ብላለች።

ወደ ግድግዳው ልመለስ። ሐምሌ ሲገባ ጉድጓዱን ውሃ ሞላውና ቁፋሮው ቆመ። በዚያ ጊዜ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ ስንጥቁ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ጠበበ። ከኅዳር እስከ የካቲት ደግሞ ተመልሶ ሰፋ፤ ጎረቤታችን ግን መሠረታቸውን በጥቅምት ሞልተው ኮንክሪቱ ደርቆ ነበር። ደብተሬን ደጋግሜ አገላበጥሁ፤ ግድግዳው የሚንቀሳቀሰው ከዶማው ጋራ ሳይሆን ከዝናቡ ጋራ ነበር። ይህን ለአባቴ ማሳየት እንዳለብኝ ባውቅም አንድ ሳምንት ደበቅሁት።

ባሳየኋቸው ጊዜ መነጽራቸውን አድርገው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው አነበቡ። በመጨረሻም «መጀመሪያ ሲከፈት ክርህ የት ነበር?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ክሩ የተተከለው በሰኔ ነው፤ በግንቦት የሆነውን አላየም። ይህንኑ መለስሁላቸው። ደብተሩን በብብታቸው ይዘው ወጡና የጎረቤታችንን በር ሲያንኳኩ ሰማሁ። ወደ አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ። አያቴም በመስኮት እያዩ «ቡና አፍልተውላቸዋል» አሉኝ።

አባቴ ሲመለሱ ስለ ማመልከቻው ምንም አልተናገሩም። «የእሳቸውም አጥር በዚህ በኩል ተሰንጥቋል፤ ክር ተክልላቸው፤ ሁለት አድርግ» አሉ። የቀረኝ ገመድ አንድ ሜትር ከሩብ ብቻ ስለ ሆነ በሚመጣው ቅዳሜ ወደ ምናለሽ ተራ እሄዳለሁ።