ሪፖርት ስንጠይቅ ሰይጣን ታሰረ

ወገኖች፣ ዛሬ ጉባኤው ላይ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ያልነበራችሁም እስካሁን በቴሌግራም ደርሷችኋል፤ እኛ ዘንድ ወሬ ከወንጌል ይፈጥናል። እህታችን ተነሣች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ የዓመቱ የኦዲት ሪፖርት መቼ ነው የሚቀርብልን?» አለች። በቃ ይኸው ነው። ድምፅዋ ኋላ ላለነው በቅጡ እንኳ አልደረሰም። መልሱ ግን በሙሉ ስፒከር መጣ፤ በመካከላችን የመከፋፈል መንፈስ ገብቷል፣ ሁላችሁም ተነሡ፣ እንጸልይ። ተነሣን። ጠላት ታሰረ፣ ተገሠጸ፣ ተቃጠለ። ስንቀመጥ አጀንዳው የድንኳን ኪራይ ሆኖ አገኘነው።

እኔን ያንገበገበኝ ሪፖርቱ አይደለም። ሪፖርት ይዘገያል። የሂሳብ ሰዎቻችን ቀን መሥሪያ ቤት ውለው ማታ በበጎ ፈቃድ የሚደምሩ ናቸው፣ ጌታ ይባርካቸው። ያንገበገበኝ የፊተኛው ረድፍ ነው። «ተተኪ መሪዎች» የምንላቸው ልጆች እዚያ ተደርድረው ነበር፤ በቅርቡ የመንፈሳዊ ውጊያ ሥልጠና ጨርሰው ሰርተፊኬት ይዘው ፎቶ የተነሡት። የሥልጠናውን ወረቀት አይቼዋለሁ። የአካባቢ መናፍስት አለ፣ የትውልድ እርግማን አለ፣ የጠላት ስልቶች አለ። ስለ ገንዘብ አንድ መስመር የለም። ግድ የለም፣ ያንን ክፍል ዛሬ በተግባር ወሰዱት። ሰው ሲጠይቅህ ምን ታደርጋለህ? ታስረዋለህ።

ሰይጣን የለም ማለቴ አይደለም፤ ኮሜንት ላይ እንዳትዘምቱብኝ። እንዲያውም ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ማን ይሾም የሚለውን ሲጽፍለት (አንደኛው መልእክት፣ ምዕራፍ 3) ዲያብሎስን በስሙ ያነሣዋል፣ ያውም በተከታታይ ሁለት ቁጥር። አዲስ አማኝ አትሹም፣ በትዕቢት ተነፍቶ ዲያብሎስ የወደቀበት ፍርድ ላይ እንዳይወድቅ። በውጭ ሰዎች ዘንድም መልካም ስም ይኑረው፣ አለበለዚያ የዲያብሎስ ወጥመድ ይይዘዋል። የመሪ ውጊያው ይሄ ነው። አንዱ ጦር ሜዳ የገዛ ልቡ ነው፣ ሌላው የሰፈሩ ባለሱቅ ዱቤ የሚጽፍበት ደብተር። ሥልጠናው ላይ ባለሱቁን አስተማሪ አድርጎ የሚጋብዝ ኮሚቴ ቢገኝ እኔ የሻይ ወጪውን እችላለሁ።

የሥልጠናውን ፖስተር ደግሞ ተውት። ሱፍ፣ የተጣጠፈ ክንድ፣ ከኋላ እሳት። እሳቱ ለምንድን ነው? ሰውየው ገና ሽማግሌ ሊሆን ነው እኮ፣ አልተቃጠለም።

ይህን ሁሉ ሳብሰለስል አክስቴ መጣችብኝ።

የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ታሪክ መቼም ሰምታችኋል። በ1974 ዓ.ም. ደርግ ጸሎት ቤቶቹን ዘጋ፣ ንብረቱን ወረሰ፣ መሪዎቹን ከአራት ዓመት በላይ አሰረ። ሲዘጋ አምስት ሺህ ያህል የነበረው አማኝ ደርግ ሲወድቅ ሠላሳ አራት ሺህ ገደማ ሆኖ ወጣ። መድረክ የለም፣ ማይክ የለም፣ ፖስተር የለም። ታዲያ ማን መራው? በየሳሎኑ አምስት ስድስት ሰው የሚሰበስቡ ሰዎች ናቸው፣ ብዙዎቹም ሴቶች። አክስቴ የሌላ ቤተ እምነት ሰው ብትሆንም ኑሮው ያው ነበር። ቡና ይፈላል፣ መጋረጃው ይወርዳል፣ መዝሙሩ በከንፈር ብቻ። ጠላትን ትገሥጽ ነበር፣ ለዚያውም እንዴት አድርጋ! ግን ጎረቤቷ የቀበሌ ሰው ስለነበረ የምትገሥጸው በሹክሹክታ ነው። በሹክሹክታ የተገሠጸ ሰይጣን አይወጣም ያላት ሰው አልነበረም።

ለታሳሪዎች ስንቅ የሚዋጣው ገንዘብ እሷ ዘንድ ነበር፣ በወተት ጣሳ። ማንበብና መጻፍ ስለማትችል ጸሐፊዋ እኔ፣ ደመወዝ የሌለው የሁለተኛ ክፍል ተማሪ። ሕጓ አንድ ነው። ስም አይጻፍም፣ ብሩ ይጻፋል። «የሰጠውን እግዚአብሔር ያውቀዋል፣ ቀበሌ ማወቅ የለበትም» ትለኝ ነበር። የገባው በግራ፣ የወጣው በቀኝ፣ ስሙኒዋ ሳትቀር።

አንድ ቅዳሜ አምስት ሳንቲም ጎደለ። አስቡት፣ አምስት ሳንቲም። እኛ ደግሞ ከላይ ሰፈር ልጆች ጋር ግጥሚያ ይዘናል፣ በረኛው እኔ ነኝ። «ቁጠር» አለችኝ። ቆጠርኩ። «ድገም።» ደገምኩ። ልጆቹ በር ላይ ቆመው ያፏጫሉ። «አክስቴ፣ አምስት ሳንቲም እኮ ነው!» ስላት፣ ጣሳውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ «የሚገባው በእሷ በኩል ነው» አለችኝ። ማን እንደሚገባ አልጠየቅኋትም። ሳንቲሟ አልተገኘችም፤ ከራሷ መቀነት ፈትታ ተካች፣ መተካቷንም አስጻፈችኝ። በእኔ ቦታ በር ላይ የቆመው ልጅ ኳስ ሲመጣ ዓይኑን የሚጨፍን ዓይነት ነበር። ስንት ለስንት እንደተሸነፍን አልነግራችሁም። አሁንም ላይ ሰፈር ሳልፍ ፊቴ ይቀላል። እሷን ይቅር ብያታለሁ፣ በረኛውን ግን ገና ነኝ።

ደርግ ወድቆ ጸሎት ቤቱ ሲከፈት ጣሳውንና ደብተሩን ተሸክማ ሄዳ ለአዲሶቹ ሽማግሌዎች አስረከበች። ያን ጊዜ የሽማግሌነት ሥልጠና አልነበረም። እሷንም ማንም ሽማግሌ ብሎ አልሾማት፤ እሱ ሌላ ቁስል ነው፣ ዛሬ አልነካውም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ዕዝራ ምዕራፍ 8ን ዛሬ ማታ ክፈቱት። ዕዝራ ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዝ ንጉሡን ወታደር ስጠኝ ማለት አፈረ፤ አምላካችን ይጠብቀናል ብሎ ተናግሮ ስለነበር። ስለዚህ በአኅዋ ወንዝ ጾም አወጀ። መንገድ ላይ ጠላትም ሽምቅም አለ፣ እውነተኛ ውጊያ ነው። ከጾሙ ቀጥሎ ምን አደረገ? ሚዛን አስመጣ። ብሩን 650 መክሊት፣ ወርቁን 100 መክሊት እየመዘነ ለአሥራ ሁለት ካህናት አስረከበ። ኢየሩሳሌም ገብተው በአራተኛው ቀን እንደገና ተመዘነ፣ ክብደቱም ተጻፈ። «ካህናትን ትጠራጠራለህ? ይህ የመከፋፈል መንፈስ ነው» ብሎ የተነሣ ሰው እዚያ ምዕራፍ ውስጥ የለም። ጾሙና ሚዛኑ በአንድ ገጽ ላይ ናቸው።

ነህምያማ ይብሳል። የመንፈሳዊ ውጊያ ሰባኪ ሁሉ የሚወደው ምዕራፍ 4ን ነው፤ በአንድ እጅ እየሠሩ በሌላው መሣሪያ። አሜን፣ እኔም እወደዋለሁ። ምዕራፍ 5ን ግን ማን ይሰብከዋል? አሥራ ሁለት ዓመት ገዥ ሆኖ የገዥነቱን ቀለብ እንዳልበላ የሚለውን? ምዕራፍ 13ንስ? ያ ከቅጥሩ ውጭ ሆኖ ሲዝትባቸው የነበረው ጦብያ መጨረሻ ላይ የት ተገኘ መሰላችሁ? መቅደሱ ግቢ ውስጥ፣ አሥራት በሚቀመጥበት ዕቃ ቤት። ክፍሉን የሰጠው ካህኑ ኤልያሴብ ነው፣ ዘመዱ ስለሆነ። ጠላትን ቅጥር ላይ ሲጠብቁት እሱ ግምጃ ቤት አልጋ ዘርግቷል።

ነህምያ ከሄደበት ሲመለስ የጸሎት ጉባኤ አልጠራም። የጦብያን ዕቃ እያነሣ ወደ ውጭ ወረወረ፣ ክፍሉን አስጠረገ፣ ከዚያ የታመኑ የተባሉ ሰዎችን ግምጃ ቤቱ ላይ ሾመ።

እና ዛሬ የጠየቀችው እህታችን፣ ይህን ካነበብሽ፣ ብቻሽን አይደለሽም። በሚቀጥለው ጉባኤ ከአንቺ ቀጥሎ እጄን አወጣለሁ። ማይኩን ከሰጡኝ።

ደከመኝ። ነገ ሥራ አለ፣ ደህና እደሩ።