እናቴን በየት በኩል ልሸኛት?

ባለፈው ሳምንት በሻይ ሰዓት ከሥራ ባልደረቦቼ አንዷ ወንበሯን ወደ እኔ ሳብ አድርጋ፣ «እናቴ እህቴን ልታርስ አሜሪካ ልትሄድ ነው። ቲኬቱ ሁለት ዓይነት ነው አሉኝ፤ በቀጥታ የሚወስድና መንገድ ላይ የሚያሳርፍ። የሚያሳርፈው ይረክሳል። አንቺ እናትሽን ልከሻት የለም ወይ? የቱን ልግዛላት?» ስትል ጠየቀችኝ።

ጥያቄዋ ቀላል ይመስላል። እኔ ግን የያዝኩትን ሻይ አስቀምጬ ጥቂት ዝም አልኩ። ዝም ያልኩትም መልሱ ጠፍቶኝ ሳይሆን መልሱን ያገኘሁበት መንገድ ስላሳፈረኝ ነበር። ለእርሷ የነገርኳትን ዛሬ ለእናንተም ለውድ አንባብያን ላካፍላችሁ አሰብኩ። ከመካከላችን ልጇን ወይም እህቷን ባሕር ማዶ ያላሻገረች ጥቂት ናትና።

ነገሩ የሆነው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ታናሽ እህቴ ቨርጂኒያ ውስጥ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወሯ ገባ። እናቴ ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ደም ግፊት አለባት፤ እግሯም ሲቆይ ያብጥባታል። ከዚያ በፊት አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም። ሆኖም «ልጄ በሰው አገር ያለ አራሽ አትተኛም» ብላ ቆረጠች። ቪዛውም ተገኘ። እኛ ልጆቿ ሦስት ሆነን ለቲኬቱ ገንዘብ አዋጣን። ከዚያም አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በእናቴ ቤት ተሰብስበን በየት በኩል ትሂድ የሚለውን መምከር ጀመርን።

ወንድሜ ሁለቱን ዋጋ በወረቀት ጽፎ አመጣ። በአንድ የባሕረ ሰላጤ ከተማ አውሮፕላን የሚያስቀይረው ቲኬት ከሌላው በጣም ይረክሳል። «በልዩነቱ የሕፃኑን አልጋና ጋሪ እንገዛበታለን» አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ጋዜጠኛ ስለሆንኩ ሁሉን የማውቅ ይመስላቸዋል። እኔም ወረቀቱን አየሁና ከአንዱ አውሮፕላን ወርዳ ሌላው ላይ የምትሳፈርበት ጊዜ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ መሆኑን ስረዳ፣ «ይኸማ ጥሩ ነው፤ ብዙም አትጠብቅም» ብዬ ፈረድኩ። እናቴ ይህ ሁሉ ሲባል ቡና እያፈላች ነበር። አንዳችንም ቀና ብለን «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አላልናትም።

የተነሣችው በፍልሰታ ጾም ነው። ከአዲስ አበባ የተነሣው አውሮፕላን ዘገየ። መዘግየቱ ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን በእጇ የነበረው ጊዜ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ብቻ ስለነበር ስትደርስ ሁለተኛው አውሮፕላን ሄዷል። የሚቀጥለው የሚነሣው በማግሥቱ ነበር። አንድ ሠራተኛ አዲስ የመሳፈሪያ ወረቀትና ሌላም ወረቀት ሰጥቷት በእጁ ወደ አንድ አቅጣጫ ጠቁሟት ሄደ። እርሷ የገባት ነገር የለም። ስልኳ ባትሪው አልቆ ጠፍቷል። ነጠላዋን ተከናንባ፣ የእጅ ቦርሳዋን እቅፏ ውስጥ አድርጋ አንድ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሌሊቱንም እዚያው አነጋች።

እኛ ደግሞ እዚህ እህቴን «ደረሰች?» እያልን፣ እህቴም እዚያ ማረፊያው በር ላይ ቆማ እኛን «ተሳፍራለች ወይ?» እያለች፣ ሁላችንም በሽብር ነበርን። እህቴ እርጉዝ ናት፤ ወሯም ገብቷል። ያን ሌሊት ያ የሕፃን ጋሪ በዓይኔ ላይ ሲሽከረከር አደረ።

እናቴን ያገኘቻት በዚያ ማረፊያ በጽዳት ሥራ የምትተዳደር የአገራችን ልጅ ናት። ነጠላዋን ከሩቅ አይታ መጥረጊያዋን አቁማ «እማማ፣ ከአገር ቤት ነው የመጡት?» አለቻት። እናቴ ይህን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ልጅቷም ወረቀቶቹን ብታነባቸው፣ ሁለተኛው ወረቀት የምግብና የማረፊያ ኩፖን ኖሯል። እናቴ ሌላ ቲኬት መስሏት በመሐረብ ጠቅልላ ይዛዋለች። ሌሊቱን ሙሉ መኝታም ምግብም በቦርሳዋ ውስጥ ነበረ ማለት ነው። ልጅቷ በራሷ ስልክ ደወለችልን፤ የጾም ምግብ አስመርጣ አበላቻት፤ ሰዓቱም ሲደርስ እስከ መሳፈሪያው በር አደረሰቻት። ስሟን እንኳ በወጉ ሳንጠይቅ ቀረን። ባለችበት እግዚአብሔር ይጠብቃት።

ከዚህ በኋላ ነው ቀድሞ ማድረግ የነበረብኝን ያደረግሁት፤ ይኸውም መጠየቅና ማንበብ።

በመጀመሪያ የተረዳሁት «ቀጥታ» የሚለው ቃል አንድ ትርጉም ብቻ እንደሌለው ነው። አንደኛው፣ አውሮፕላኑ ከተነሣበት እስከሚደርስበት አንድም ቦታ ሳያርፍ የሚሄድበት ነው። ሁለተኛው፣ መንገድ ላይ ለነዳጅ ያርፍና መንገደኛው ሳይቀየር፣ ሻንጣውም ሳይወርድ በዚያው አውሮፕላን የሚቀጥልበት ነው። ሁለቱም «ቀጥታ» እየተባሉ ይሸጣሉ። ሦስተኛው ደግሞ እናቴ የሄደችበት፣ ወርዶ ሌላ አውሮፕላን የሚያዝበት ነው።

የአየር መንገዳችን የዋሽንግተን በረራ ሲሄድ መንገድ ላይ እያረፈ ሲመለስ ግን ሳያርፍ የሚመጣበት ምክንያት ብዙ ሰው ያስገርማል። ምክንያቱ ያለው እዚሁ ቦሌ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። በዚህ ከፍታ አየሩ ሳሳ ስለሚል ሞተሩም ክንፉም ዝቅ ባለ ቦታ ያላቸውን ያህል ኃይል አያገኙም። ስለዚህ አውሮፕላኑ ሙሉ መንገደኛ፣ ሙሉ ሻንጣና እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ በአንድ ጊዜ ተሸክሞ መነሣት ይቸግረዋል። ከነዳጁ ቀንሶ ይነሣና መንገድ ላይ ይሞላል። ማረፊያው በየጊዜው የሚለዋወጥ ሲሆን ሮምና ደብሊን ለዚህ አገልግለዋል። ዋሽንግተን ግን ቆላ ናት፤ ከዚያ ታንኩን ሞልቶ ተነሥቶ አሥራ ሦስት ሰዓት ያህል በርሮ አዲስ አበባ ይገባል። ዳገት ሊወጣ ሸክሙን የሚቀንስ አጋሰስ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም።

ሁለተኛው የተረዳሁት፣ ማረፍ መኖሩ ብቻ ሳይሆን የት ላይ እንደሚያርፍ ማየት እንደሚገባ ነው። እኔ «መንገድ ላይ ወርዳ እግሯን ታፍታታለች» ብዬ ነበር። ነገር ግን እናቴ ወደ ምዕራብ ለመሄድ መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ ነው የተጓዘችው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕረ ሰላጤው አራት ሰዓት ያህል፣ ከዚያ ወደ ዋሽንግተን አሥራ አራት ሰዓት ያህል። ዕረፍት ያልኩት ነገር ረጅሙን መቀመጥ አላሳጠረላትም፤ እንዲያውም ጨመረላት። በሮም በኩል ቢሆን ግን መጀመሪያ ሰባት ሰዓት ያህል፣ ቀጥሎ አሥር ሰዓት ያህል ሆኖ ይከፈላል።

ስለ ጤናም ነገር አለ። አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ በእግር ጥልቅ የደም ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጥናት እንዲህ ያለ ጉዞ አደጋውን በእጥፍ ያህል እንደሚጨምር፣ ሆኖም በጤነኛ ሰው ላይ ከስድስት ሺህ ሰው በአንዱ ያህል ብቻ እንደሚደርስ ገልጿል። ስለዚህ መደንገጥ አያስፈልግም። ነገር ግን እርጉዝና አራስ፣ በቅርቡ ኦፕራሲዮን የሆነች፣ የወሊድ መከላከያ ኪኒን የምትወስድ፣ በጣም የወፈረች ወይም ከዚህ በፊት ደም የረጋባት ሴት ሐኪሟን ሳታማክር ረጅም በረራ መጀመር የለባትም። ሌሎቻችንም በየሰዓቱ ቁርጭምጭሚታችንን ማዞር፣ ተነሥቶ ወዲያና ወዲህ ማለትና ውሃ መጠጣት ይበቃናል። ባጭር ቀናት ውስጥ ተደጋጋሚ በረራ ማድረግም አደጋውን እንደሚያከማች ጥናቱ ስለሚገልጽ፣ ጉዞን መቆራረጥ ብቻውን መድኃኒት አይደለም።

«አየሩ ያፍነኛል» ለሚሉ እናቶች ግን የምሥራች አለኝ። በአውሮፕላን ውስጥ የሚኖረው አየር ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ከሚገኘው ጋር የሚመሳሰል ነው። ይህ ደግሞ አዲስ አበባ ማለት ነው፤ እንዲያውም ድሪምላይነር የሚባለው አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ከአዲስ አበባ ይልቅ ወደ ቆላው ይጠጋል። የሚያስቸግረው ሳሳ ማለቱ ሳይሆን መድረቁ ነው።

እናቴ ሦስት ወር ከሰነበተች በኋላ ስትመለስ ገንዘብ ጨምረን ሳያርፍ በሚመጣው አሳፈርናት። አሁን ካሥኳት ብዬ ተመካሁ። ቦሌ ልቀበላት ስሄድ ጫማዋን በእጇ ይዛ በነጠላ ጫማ ወጣች። እግሯ አብጦ ጫማው እምቢ ብሏታል። መተላለፊያው ላይ የተኙትን ላለመቀስቀስ ስትል አሥራ ሦስቱን ሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተነሣችው።

ቤት ገብተን እግሯን በለብ ያለ ውሃ እያጠብኳት፣ «እማዬ፣ የቱ ይሻልሻል? የሄድሽበት ወይስ የመጣሽበት?» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና፣ «መንገዱን የምሄደው እኔ ነኝ። ይህን ያን ዕለት ጠይቃችሁኝ ቢሆን እኔ የምፈራው መቀመጥ አይደለም፣ የምጠይቀው ሰው ማጣት ነው እላችሁ ነበር» አለችኝ። ከዚህ በላይ አልተናገረችም። እኔም ቀና ብዬ አላየኋትም።

እንግዲህ ለባልደረባዬ የሰጠኋት ምክር ይህ ነው። ቋንቋ ለማያውቁና ለብቻቸው ለሚጓዙ ወላጆች፣ ከተገኘ አውሮፕላን የማያስቀይረው ይሻላል። መንገድ ላይ ለነዳጅ ቢያርፍ ምንም አይደለም። ሁለት ትንንሽ ልጆች ይዛ ለምትሄድ እናት ግን ልጆቹ የሚሮጡበት የሦስትና የአራት ሰዓት ዕረፍት ከገንዘቡም በላይ ሊጠቅማት ይችላል። አውሮፕላን መቀየር የግድ ከሆነ ሁለቱም በረራዎች በአንድ ቲኬት ላይ ይያዙ። እናቴ አውሮፕላን ሲያመልጣት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሌላ የተሰጣት ቲኬቱ አንድ ስለነበር ነው። በመካከሉ ያለው ጊዜም ከሦስት ሰዓት ባያንስ ይመረጣል። ከዋሽንግተን አልፋ ወደ ሌላ የአሜሪካ ከተማ የምትሄድ እናትማ ይህ የግድ ነው። የኢሚግሬሽን ፍተሻው መጀመሪያ በገባችበት ከተማ ይጠናቀቃል፤ ሻንጣዋንም እዚያው ተቀብላ በጉምሩክ አሳልፋ እንደገና ታስረክባለች። ቋንጣ ደግሞ ባትይዝ ይሻላል፤ ሥጋ አያስገቡም።

በአውሮፓ በኩል የሚያልፍ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ መንገደኛ ከማረፊያው ባይወጣም እንኳ የሸንገን አገሮች የመሸጋገሪያ ቪዛ ይጠይቁታል። የጸና የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ ያለው ከዚህ ነፃ ነው። ቲኬት ከመቆረጡ በፊት ይህ ይጣራ።

ዊልቸር ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት ይጠየቅ፤ ክፍያ የለውም። እግሩ ጤነኛ የሆነ ሰው ያፍርበታል፤ ነገር ግን ዋናው ጥቅሙ ወንበሩ ሳይሆን ከበር እስከ በር የሚያደርስ ሰው አብሮ መኖሩ ነው። መድኃኒት ከነማዘዣው በእጅ ቦርሳ ይሁን። የበረራው ቁጥር፣ የሚቀበለው ሰው ስልክ፣ «አማርኛ ብቻ ነው የምችለው፣ እባክዎ ይህን ቁጥር ይደውሉልኝ» የሚል በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀትም በአንገት ይንጠልጠል።

ባልደረባዬ ይህን ሁሉ በማስታወሻ ደብተሯ ጻፈችና፣ «ታዲያ የቱን ልግዛላት?» ብላ ደግማ ጠየቀችኝ።

«መጀመሪያ እናትሽን ጠይቂያት» አልኳት።

የእኔም እናት በመጪው ጥር ለልጅ ልጇ ልደት ልትሄድ ተነሥታለች። በዚህ ጊዜ ወረቀቱን ፊቷ ዘርግተን አንድ በአንድ አስረዳናት። መንገድ ላይ ነዳጅ የሚሞላውንና ከወንበሯ የማትነሣበትን መረጠች። «መመለሻውስ?» ስንላት፣ «መመለሻው ያው ነው፤ ብቻ ከመተላለፊያው አጠገብ ያለውን ወንበር ያዙልኝ። በዚህ ጊዜ የተኛ ቢኖርም እቀሰቅሳለሁ» አለች።